የተገዛ ማርሚታ

ቅዳሜ ጠዋት በማርሚታ ሠሪው ቤት የተገዛ ማርሚታ ገባ። ክንድ ተኩል የሚረዝም ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማውጫ ተስሎበታል። ልጅቷ በብብቷ ሥር ይዛው ስትገባ አባቷ የግቢውን ግድግዳ ተደግፎ በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበርና ስዕሉን አየው። ማየቱን እንዳታይበት ወደ ጫማው ጎንበስ አለ። እሷም ምንም ሳትለው አልፋ ወጥ ቤት ገባች። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሰማ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለች እህቱ። «ከቤት የጠፋ ነገር ይገዛል እንጂ ቤት የሞላ ነገር ይገዛል? አባትሽ ቢያይስ?»

«ይየው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ አስቀምጬለት አልነበር? እየተራመደው ሲያልፍ ከረመ።»

እውነቷን ነው። የሞተር ሳይክሏ አሮጌ ማርሚታ ሆዱ በዝገት ተበልቷል፤ የቀረውን ድንጋይ ቀጥቅጦታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ፈታ አወጣችውና ከአባቷ መሥሪያ ክፍል ደጃፍ አጋደመችው። ሥራልኝ አላለችም። እሱም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። እሷ በአውቶቡስ ሥራ ስትመላለስ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት በቀኝ እግሩ እየተራመደው ወደ ክፍሉ ሲገባ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ሳያየው መራመድ ለምዶ ነበር።

ሰፈሩ ጸጥ አርጋቸው ይለዋል። አርባ አንድ ዓመት የሰው መኪና ሥር ተኝቶ የሚጮኸውን ሁሉ ጸጥ ሲያደርግ ስለኖረ ነው፤ ራሱም ብዙ ስለማይናገር ነው። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ግማሽ የላትም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የቱቦ ማጠፊያው ወስዷታል። ሱቁን ከዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መሣሪያዎቹን ግን አልሸጠም። የዛሬ አምስት ወር ልጁ ያን ሞተር ሳይክል እየነዳች ስትገባ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለጭቃም ለድንጋይም የተሠራ፣ ከወገብ በላይ የሚቆም፣ ግራና ቀኙ የብረት ሣጥን የታሰረለት ነገር ነው። ላዩ ላይ ሆና ስታቆመው መሬት የደረሰው የእግሯ ጣት ጫፍ ብቻ መሆኑን አየ። ያን ጊዜ፣ «በዚህ ነገር ላይ እጄን ባሳርፍ እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። እህቱ ሰምታለች። በአጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣው ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ሰምቷል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ሰምቷል። እሱ ደግሞ ምሎ አፍርሶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለልጁ አንድ ቃል አልተናገራትም። በአንድ ገበታ ተቀምጠው፣ ጨው ሲያስፈልገው እንኳ እህቱን ነው፣ «አቀብዪኝ በያት» የሚላት።

ልጅቷ ቀያሽ ናት። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ መኪና የማይደርስበት ቦታ መንገድ ልትቀይስ ትሄዳለች። ስድስት ሳምንት ትቀመጣለች። አምስት ወር ዝም ብሎ የኖረን ሰው ስድስት ሳምንት ምን ያስፈራዋል? ጸጥ አርጋቸውን ግን አስፈርቶታል። አምስቱን ወር ዝም ያላት እዚሁ ቤት ሆና ነው። ማታ ገብታ የክፍሏን በር ስትዘጋ ይሰማል፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ከነገ ወዲያ ግን የሚዘጋ በር የለም። ሳያናግራት ከሄደች በምን እንደሚተኛ አያውቅም። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ልጅቷ ካርቶኑን አውጥታ ግቢው መሃል አስቀመጠችና ልብስ ልትቀይር ገባች። ጸጥ አርጋቸው ግራ ቀኝ አየና ተነሳ። ክዳኑን በሚመረኮዘው በትር ጫፍ ከፈተው። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ የፊት ቱቦና ሆዱ ተለያይተው ተኝተዋል።

«አየሁህ» አለች እህቱ፤ በእጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ።

«እትዬ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

«ንካው እንጂ። የማልከው በሞተሩ ነው፤ ይሄ ካርቶን ነው።»

ጥቂት አሰበበት። ነገሩ ትክክል መሰለው። ቱቦውን አወጣና ወደ ብርሃን አነሳው። በብየዳው ላይ ጥፍሩን አስኬደ። ብየዳው ሳንቲም ደርድረው ያጋደሙት ይመስላል፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። በአንድ ዓይኑ በውስጡ ተመለከተ። አንኳኳው፤ አዳመጠው። ከሩብ ሰዓት በላይ እንከን ሲፈልግ ቆይቶ አጣ። «ደህና ነው» አለ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ሥራ ይህን ቃል ሲናገር ሦስተኛው ነው። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ቱቦውን በወረቀቱ መልሶ ጠቅልሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሻዩን ቀምሶ፣ «ስኳር አነሰው» አለ፤ እህቱ ሳቋን ይዛ ገባች።

ልጅቷ ግቢው ውስጥ ከቆመው ሞተር ሳይክሏ አጠገብ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጋች። ቁልፎቿን በቁጥራቸው ደረደረች። ስልኳን በባልዲ ላይ አስደግፋ ከፈተችው። አንድ ጢማም ሰውዬ በስልኩ ውስጥ እንደሷ ያለ ሞተር ፊት ተቀምጦ በማይገባ ቋንቋ ያወራል። ሥራውን በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ እጁ ግን አይቆሽሽም። ጸጥ አርጋቸው እጁ የማይቆሽሽ መካኒክ አያምንም። ሆኖም ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ስትሄድ በርጩማው ወደ ሞተሩ ሄደ። መጀመሪያ አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሁለት። ልጅቷ የፊት ቱቦውን ከሞተሩ አፍ ጋር ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች ልትፈታ ሞከረች፤ ዝገት ይዟቸዋል። አላስገደደቻቸውም። ዘይት ጠብ አደረገችባቸውና እጇን አጣምራ ጠበቀች። አባትየው በሆዱ፣ «ይሄንን ከጢማሙ አልተማረችም» አለ። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ለካ ቀና እያለች ታይ ኖሯል።

ዳዶዎቹ ወጡ፤ ሞተሩ ላይ ቀርቶ የነበረው አሮጌው የፊት ቱቦ ወጣ። ልጅቷ አዲሱን ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩና በቱቦው መካከል ገብታ ጭስ የምትከለክለውን ቀለበት፣ አንስታ ልትከት ስትል ጸጥ አርጋቸው ሳለ። ደግሞ ሳለ። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ልብስ የምታሰጣውን እህቱን ጠራ።

«እትዬ! የድሮዋ ጓርኒሲዮን ውስጥ ቀርታለች በያት።»

እህቱ በሁለቱ መካከል ቆማለች፤ ከአንዱም ከሌላውም ሦስት እርምጃ አይሆንም። «ስሚ አንቺ፣ የድሮዋ ምንትስ ውስጥ ቀርታለች ይላል።»

«ባዶ ነው በይው፣ እቴቴ።»

«ባዶ ነው ትልሃለች።»

«ባዶ አይደለም። ጥላሸት ስለለበሰች ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ዳር ዳሩን ትፈልጋት በያት።»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለች እህቱ፣ እርጥብ ሸሚዝ በእጇ ተንጠልጥሎ። «እኔ ምናችሁ ነኝ? ሬዲዮ ነኝ?»

ልጅቷ በካቻቢቴው ጫፍ ዳር ዳሩን ቆረቆረች። ጥቁር ቀለበት ቃ ብላ ወጥታ አንሶላው ላይ ወደቀች፤ ተንከባለለችና ከአባትየው ጫማ ሥር ቆመች። «አመሰግናለሁ በይው» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «ሰምቻለሁ በያት» አለ ጸጥ አርጋቸው፣ እህቱ አፏን ሳትከፍት። ጎንበስ ብሎ ቀለበቷን አነሳና በመዳፉ ውስጥ ያሻት ጀመር።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ኖሮ ወደ እርቅ ይደርሱ ነበር። ግን ሹፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። «ጸጥ አርጋቸው! የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዳቦ ገዝታ ገባች አሉ!» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከመሐላው ምስክሮች አንዱ ነው። ጸጥ አርጋቸው ከንፈሩን ገጠመ። በርጩማውንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። በዚህ መካከል ልጅቷ አዲሱን የፊት ቱቦ ከሞተሩ ጋር ገጥማ ሁለቱን ዳዶዎች ባላት ጉልበት ሁሉ አጠበቀቻቸው። አባትየው አየ። ስህተት መሆኑን ዓይኑ እያየ፣ ምላሱን ነክሶ ዝም አለ። በሹፌሩ ፊት ከሚናገር ዝገት ቢበላው ይሻለዋል።

ስህተቱ ወዲያው አልታየም። ሆዱን ከቱቦው ጋር አገናኘችው፤ ገባ። ወደ ላይ አንስታ ከሣጥኑ ሥር ካለው ማንጠልጠያ ጋር ልታስር ስትል ግን ቀዳዳና ቀዳዳ አልተገናኙም። በአንድ ጣት ይተላለፋሉ። ገፋችው። በጉልበቷ ደገፈችው። ጢማሙን ወደ ኋላ መልሳ አየችው፤ ጢማሙ ምንም አልተቸገረም። ሦስተኛ ጊዜ መልሳ አየችው። ግንባሯን በክንዷ ስትጠርግ ጥላሸቱ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፤ ሻንጣዋ ገና አልታሰረም።

«ፋብሪካ እኮ ነው፤ ይሳሳታል» አለ ሹፌሩ። «ድሪል አለኝ። አዲስ ቀዳዳ እንብሳለታ! አምስት ደቂቃ።» ዞሮ በበሩ ገባ፤ ድሪሉን በአንድ እጁ፣ ረጅም ገመድ በትከሻው። ልጅቷ እቴቴን አየቻት። እቴቴ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ጫማውን አየ። ልጅቷ ተነፈሰችና ማንጠልጠያውን ያዘችለት። ሹፌሩ ድሪሉን አንድ ጊዜ በአየር ላይ አጮኸው፤ ከዚያ ፑንታውን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ አስቁሚው!»

ድሪሉ ቆመ። እህቱ የያዘችውን ልብስ ጣለች። ጸጥ አርጋቸው ቆሟል፤ በርጩማው ከኋላው ተገልብጧል። ድምፁ ከአምስት ወር ማስቀመጫ እንደወጣ ነገር ሻካራ ነበር።

«ቀዳዳው አልተሳሳተም» አለ። «ፋብሪካውም አልተሳሳተም። ቀድመሽ ያጠበቅሽው ነው የተሳሳተው። ከሞተሩ ላይ አላዪው። ሁሉም እስኪሰቀል ምንም አይጠብቅም፤ በጣት ብቻ። ከተሰቀለ በኋላ ከሞተሩ ጀምረሽ ወደ ኋላ ታጠብቂያለሽ። ቱቦ እንደ ሰው ነው። አንዱ ጫፍ ድርቅ ካለ ሌላው ጫፍ አይደርስም።»

«ማን ነው የሚናገረው!» አለች እህቱ።

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ ፊቷ በጥላሸት ስለተሸፈነ አልለየም። «እሺ አባዬ» አለች። ሬዲዮው ሥራ ፈታ። ዳዶዎቹን ስታላላቸው ቱቦው ትንሽ ዞረ፤ ሆዱን ስታነሳው ቀዳዳው ማንም ሳይገፋው ቡሎኑን ተቀበለ። እንደ ቤቱ ልጅ ገባ። ሹፌሩ ገመዱን በክርኑ ላይ እየጠቀለለ፣ «እኔማ ልርዳ ብዬ ነው» አለ። ጸጥ አርጋቸው፣ «ማንም አልጠላህም፤ ተቀመጥ፣ ሻይ አለ» አለው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሹፌሩ በሃያ ዓመት ጉርብትና አልሰማም ነበርና ገመዱን ይዞ ተቀመጠ።

ሁለቱን ቁራጮች እንዳይለያዩ የሚይዙ ሁለት ሞላዎች ቀሩ። አጫጭር፣ ጠንካራ ሞላዎች ናቸው፤ ልጅቷ በፒንሳ ስትጎትት ሁለቴ አምልጠዋት አንዱ አጥሩን መታ። ጢማሙ ለዚህ የተሠራ መንጠቆ አለው። ጸጥ አርጋቸው በርጩማውን አንስቶ ተቀመጠ፤ የቀኝ ጫማውን ክር ፈታና ሰጣት። በእህቱ በኩል አይደለም፤ በእጇ ነው የሰጣት። «እጥፍ አድርገሽ በሞላው ጫፍ አስገቢው። ክንድሽን አይደለም፣ ወገብሽን ተጠቀሚ።» ሳበች። ሞላው ጠቅ ብሎ ቦታው ገባ። ሁለተኛውም ገባ። «ጢማሙ ይሄንን አያውቅም» አለች። «እንዴት ያውቃል? ጫማው ክር የለውም» አለ አባቷ። ለካ ያንንም አይቷል።

ከዚያ ከሞተሩ ጀምራ ወደ ኋላ አጠበቀች። እሱ በበትሩ ተራውን እያሳየ «ይቺን፣ አሁን ያቺን፣ በቃ አትጨምሪ» ይላል፤ በትሩ ብረቱን ሳይነካ በአየር ላይ ይቆማል። መሐላ መሐላ ነው። መጨረሻ ላይ አልኮልና ነጭ ጨርቅ አስመጣ። «ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ሁሉንም ጥረጊ። የነካሽውን፣ ያልነካሽውንም። ማርሚታ የመጀመሪያውን እሳት አይረሳም። ላብና ዘይት ካለበት ከእሳቱ ጋር ይጋገራል። ከዚያ በኋላ የጣት አሻራው በምንም አይለቅም፤ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል።» ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጠረገችው። አጎንብሶ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። እጇን ልትታጠብ፣ የራስ ቁሯንና ቁልፉን ልታመጣ ገባች። እህቱም ውሃ ልታፈስላት ተከተለቻት። ሹፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሻዩ ውስጥ ስኳር ያማስላል።

ጸጥ አርጋቸው መዳፉን ገለጠው። የድሮዋ ጓርኒሲዮን እዚያው አለች። ከጠዋት ጀምሮ ሲያሻት ስለዋለ እጁ በዘይትና በጥላሸት ወይቧል። ቀለበቷን ኪሱ ከተተ። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። የፊት ቱቦው ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ወደ ሆዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሣጥኗን ስትጭን የምታየው ቦታ ላይ፣ እጁን አሳረፈ። የሰው እጅ እንደሚጨበጥ ጨበጠው። አጥብቆ ያዘ፤ እስከ አምስት ቆጠረ፤ ለቀቀ። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ትንፋሽ ያረፈበት መስተዋት ይመስላል። ተነስቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ ወጥታ ሞተሩን ስታስነሳ ሹፌሩ ይጮሃል ብሎ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። አልጮኸም። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ጸጥ አርጋቸው ዓይኑን ጨፈነ። ጭስ የሚያፈስ ማርሚታ ያፏጫል፤ ፉጨቱን ፈለገ፤ የለም። «እንዴት ነው አባዬ?» ብላ ጮኸች ከራስ ቁሩ ውስጥ። «ያወራል» አለ። «አይጮህም፤ ያወራል።» እግሯን አየ። አሁንም መሬት የደረሰው የጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። ሞተሩ ግን ቀጥ ብሏል። አምስት ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ ኖሯል።

ሰፈሩን ልትዞር ወጣች። እሱ በጆሮው ተከተላት። በዳቦ ቤቱ በኩል ታጠፈች። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ድምፁ ታፈነ፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሳ እንደገና ተሰማ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ጸጥ አድርጎ ሲሸኝ፣ የት እንደደረሰ ለመስማት ጆሮውን አቁሞ አያውቅም ነበር። ስትመለስ የፊት ቱቦው ከብር ቀለም ወደ ማር ቀለም ዞሯል፤ ዳርዳሩ ሰማያዊ ነው። ልጅቷ ከላዩ ወርዳ አጎነበሰች። አጎንብሳ ቀረች። በማር ቀለሙ ላይ አራት የጠቆሩ የጣት አሻራዎች ተጋግረዋል፤ አንዷ ግማሽ ናት።

«አባዬ፣ እኔ በደንብ ጠርጌው ነበር» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ይሄ... አይለቅም አይደል?»

«አይለቅም።»

እህቱ መጥታ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «አንተ! እጄ ይቆረጥ ብለህ ምለህ አልነበር?» ሹፌሩም ብርጭቆውን አንስቶ፣ «እኔም ምስክር ነኝ!» አለ። ጸጥ አርጋቸው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ አራት ጣትና ግማሽ።

«የዛሬ ሠላሳ ዓመት ቀብድ ከፍያለሁ» አለ። «ቀሪውን መጥተው ሲጠይቁኝ እናያለን።»

ልጅቷ እየሳቀች አንሶላው ላይ፣ ከቁልፎቹ መካከል ተቀመጠች። እህቱ ሳቋ ትከሻዋን ያርገፈግፈዋል። ሹፌሩ ሻዩን ደፋ። ጸጥ አርጋቸው ብቻ አልሳቀም፤ አፉን በእጁ ሲጠርግ ግን ጺሙ ላይ ጥላሸት ተወ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለ። መልሱን ከሳምንት ጀምሮ ያውቀዋል።

«በአሥራ ሁለት።»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቀስቅሺኝ። አንዴ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ ይላላሉ። ራሴ አጠብቃቸዋለሁ።»

ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሄደ። ክር የሌለው ጫማው በየእርምጃው ጧ ጧ ይላል። ደጃፉ ላይ አሮጌው ማርሚታ ተጋድሟል። እግሩን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳው፤ የተበላ ሆዱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ይዞት ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሞረድ ድምፅ ተሰማ።